የኩኪ ታሪክ፦ ማስታወስ እንዴት መከታተል ሆነ

በኢንተርኔት ገበያ ደንበኛው እንደ ፍላጎቱ እንዲስተናገድ ከፈለገ ከገመናው ቆርሶ መክፈል አለበት ይባላል፤ ገመናውን ከሸሸገ ደግሞ በየሱቁ እንደ ባይተዋር ይቆጠራል። ይህ አነጋገር መስተንግዶንና ገመናን ከመጀመሪያው የተጣሉ ያስመስላቸዋል። የኩኪ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ጠቡ የመጣው ድረ ገጾች ደንበኛቸውን ማስታወስ ስለጀመሩ አይደለም፤ ደንበኛው የማያውቀው ሦስተኛ ወገን በየሄደበት እንዲከተለው ማንም ሳይጠይቀው ስለተፈቀደ ነው።

የመጀመሪያው ድር ማስታወስ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ብራውዘሩ ገጽ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይልካል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ያው ሰው ከደቂቃ በኋላ ቢመለስ እንደ አዲስ ስለሚታይ፣ ዕቃ እየመረጡ በዘንቢል ማጠራቀም አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የብራውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ መላ ዘየደ። ሰርቨሩ ከገጹ ጋር ኩኪ የተባለ አጭር የፊደልና የቁጥር ምልክት ይልካል፤ ብራውዘሩ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፤ ተጠቃሚው ሲመለስ ለዚያው ሰርቨር ብቻ መልሶ ያሳየዋል። ለእያንዳንዱ ብራውዘር በሁሉም ድረ ገጾች የሚነበብ አንድ ቋሚ መለያ መስጠት ይቀል ነበር። ሞንቱሊ ይህን የተወው ሰውን ከገጽ ገጽ ለመከታተል ያመቻል ብሎ ነው። ስለዚህ ኩኪ ሲወለድ ገመና ጠባቂ ነበር ማለት ይቻላል።

ለክትትል በር የከፈተው ክፍተት የተገኘው በገጹ አሠራር ነው። ዜናው ከጋዜጣው ሰርቨር ሲመጣ፣ ከጎኑ ያለው የማስታወቂያ ምስል ከሌላ ኩባንያ ሊመጣ ይችላል፤ ያም ኩባንያ የራሱን ኩኪ ያስቀምጣል። ይኸው ኩባንያ በጉዞ ወኪሉም በመድኃኒት መደብሩም ገጽ ላይ ማስታወቂያ ካለው፣ ያንኑ ምልክት በሦስቱም ቦታ ያነባል። ምስሉ ዓይን የማያየው አንድ ፒክስል ቢሆን እንኳ ይበቃል። በ1997 ዴቪድ ክሪስቶልና ሞንቱሊ ያዘጋጁት አርኤፍሲ 2109 የተባለ የአሠራር ሰነድ፣ ይህ በር ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር ዝግ እንዲሆን አሳስቦ ነበር። ኔትስኬፕም ማይክሮሶፍትም ክፍት አድርገው ተዉት። በ1999 የማስታወቂያው ኩባንያ ደብልክሊክ፣ በካታሎግ የሚገዙ ሰዎችን ስምና አድራሻ የያዘውን አባከስ ዳይሬክትን ገዝቶ ስም የለሹን የድር መዝገብ ከስም ጋር ሊያጋጥም አሰበ። ቁጣው በርትቶ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ምርመራ ከፍቶ፣ በ2000 ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሳል። አንደኛው፣ ነፃው ኢንተርኔት የቆመው በዚህ ክትትል ነው የሚል ነው። ሆኖም ጉግል በ2000 የጀመረው አድወርድስ የበለጸገው ሰው በዚያች ቅጽበት የጻፈውን የፍለጋ ቃል አይቶ ማስታወቂያ በማቅረብ ነው፤ ጉግል በተጠቃሚው ዝንባሌ ላይ የተመሠረተ ማስታወቂያ የጀመረው በ2009 ነው። እርግጥ፣ የዜና ድረ ገጽ አንባቢ ምን ሊገዛ እንደፈለገ ጽፎ ስለማይነግረው፣ ክትትሉ ሲቀር ገቢው ሊጎዳ ይችላል። ይህ ግን ሌላ መላ ለመሻት እንጂ ሰውን ሳያስፈቅዱ ለመከተል ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ተጠቃሚው ተጠይቆ ፈቅዷል የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ፈቃድ ግዴታ ሆነ፤ ከ2018 ጀምሮም ጠቅላላው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አጠበቀው። ነገር ግን «ሁሉንም እቀበላለሁ» ማለት አንድ ጠቅታ ሲበቃው፣ እምቢ ለማለት በርካታ ጠቅታ ይጠይቅ ነበር። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2022 መግቢያ ላይ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሩን መዝጋት ንግዱን እንደማይገድል ደግሞ ሳፋሪ አሳይቷል። የአፕል ብራውዘር በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ የገዢው ዘንቢል አልጠፋም፤ ሱቁም የራሱን ደንበኛ መለየቱን አላቆመም። ጉግል በዚያው ዓመት በብራውዘሩ በክሮም ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲሁ አደርጋለሁ ብሎ ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በ2024 ሐሳቡን ለወጠ። ክሮምን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2008 ደብልክሊክን የጠቀለለው ድርጅት መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ አያስገርምም። እንግዲህ ሙግቱ ደንበኛው ምን ያህል ገመና ይሽጥ በሚለው ላይ መሆን የለበትም። ተጠቃሚው አንዲት ቁልፍ ሳይነካ በሩ ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ይህን ውሳኔ ከክትትሉ ለሚያተርፈው ወገን መተው ምን እንደሚያስከትል ያለፉት ሠላሳ ዓመታት አሳይተዋል።