አድ ሆክ

«ጉዳዩን የሚያጣራ አድ ሆክ ኮሚቴ ይቋቋም» ሲባል ያልሰማ ተሰብሳቢ የለም። ቃሉ ላቲን ነው፤ «ለዚህ ጉዳይ» እንደ ማለት። ኮሚቴው ለአንድ ሥራ ይቋቋማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል።

የኮምፒውተር ሰዎችም ቃሉን የወሰዱት ከነትርጉሙ ነው። በተለመደው ኔትወርክ መልእክታችን ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ከራውተር ወደ ራውተር ይሻገራል። ራውተሩ ሙሉውን ጉዞ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ «ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ በዚህ በኩል» የሚል ሰንጠረዥ አይቶ ለቀጣዩ ያስረክባል።

በተንቀሳቃሽ አድ ሆክ ኔትወርክ ግን የስልክ ማማም ቋሚ ራውተርም የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ላኪም፣ ተቀባይም፣ አሻጋሪም ነው። ሁሉም ስለሚንቀሳቀስ አሁን ያለው መንገድ ከደቂቃ በኋላ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰነዱ የወጣው ኤኦዲቪ የተባለ ስልት መንገድ የሚፈልገው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ላኪው «ወደ እገሌ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ እነሱም የራሳቸውን ጎረቤቶች። ጥያቄው ከተፈላጊው ወይም መንገዱን ከሚያውቅ ዘንድ ሲደርስ፣ መልሱ ጥያቄው በመጣበት ዱካ ይመለሳል። መንገዱ ከተቋረጠ ወሬው ለላኪው ይደርሳል፤ ፍለጋውም እንደገና ይጀመራል።

በአማርኛስ ምን እንበለው? «ጊዜያዊ» ብቻውን አይበቃም፤ አባላቱ ሁሉ ሸክም መጋራታቸውን አይነግረንም። ለአንድ ሥራ ተጠራርቶ፣ ተጋግዞ፣ ሲጨርስ ለሚበተን ስብስብ ግን ገበሬው ጥንት ቃል አበጅቶለታል፦ ደቦ።