ድጎማ ወይስ ድርሻ?

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድንጋይ በተነጠፈባቸው የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «ይህን ኮብልስቶን ያስነጠፈልን ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ገሚሱ «መንግሥት» አለ፤ ገሚሱ «ዓለም ባንክ» አለ። «እኛው ነን» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ይህ መልስ ለምን እንደጠፋ እስቲ ታሪክን እንጠይቅ።

«መደጎም» በአማርኛችን የጎደለውን መሙላት፣ የተቸገረውን መርዳት ነው። ቃሉ በራሱ ሰጪና ተቀባይ ይፈጥራል፤ ተቀባይ ደግሞ ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች፣ ክልሎችም ለወረዳዎች በየዓመቱ የሚያከፋፍሉት ገንዘብ «ድጎማ» ተብሎ ይጠራል። የእኔ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ይህ ገንዘብ ችሮታ ሳይሆን ድርሻ ነው፤ ድርሻነቱ ግን የሚረጋገጠው ባለድርሻው ስሌቱን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ሥርዓት ማዕከላዊው መንግሥት ለሹሙና ለወታደሩ በአብዛኛው ደመወዝ አይከፍልም ነበር፤ በደመወዝ ፈንታ መሬትና ገባር ይመድብለት ነበር። በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ገበሬው የሚገብረው በቀጥታ ለተመደበበት ባለሥልጣን ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ይህን ዓይነቱን ሥርዓት በአንድ መስመር ይገልጸዋል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዢዎችን ደመወዝተኛ አደረገ፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ሆነ። ገንዘቡ ከሹሙ እጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ተከማቸ። ደርግም ይህን ማዕከላዊነት አጠበቀው እንጂ አላላላውም።

ለውጡ የመጣው በሽግግሩ ዘመን ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 33 የገቢ ምንጮችን በማዕከሉና በክልሎች መካከል አከፋፈለ። የጉምሩክ ቀረጥን የመሳሰሉት ወፍራም ምንጮች ለማዕከሉ ሲቀሩ፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር ለክልሎች ተሰጡ። ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን የማስተዳደሩ ኃላፊነት ግን ወደ ታች ወረደ። በሌላ አነጋገር ላሚቷ ማዕከል ታሰረች፤ ጥጆቹ ግን በየክልሉ ናቸው። ክልሎች ወጪያቸውን በራሳቸው ገቢ መሸፈን የማይችሉት ሰነፎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ክፍፍሉ ራሱ እንዲያ ስለተቀረጸ ነው። ስለዚህ ከማዕከል የሚመለሰው ገንዘብ የለጋስ እጅ ስጦታ ሊባል አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 የድጎማውን አሰጣጥ የመወሰን ሥልጣን ለአስፈጻሚው አካል ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። የጠቅላላውን ገንዘብ መጠን የሚያጸድቀው ግን በየዓመቱ በጀት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንዱ ምክር ቤት የዳቦውን መጠን ይወስናል፤ ሌላው አቆራረሱን።

ቆራጩ ቢላዋ «ቀመር» ይባላል። በ1990ዎቹ ከተሠራባቸው ቀመሮች አንዱ ለሕዝብ ብዛት 60፣ ለዕድገት ደረጃ 25፣ ለገቢ አሰባሰብ ጥረት 15 በመቶ ክብደት ሰጥቶ ነበር። በኋላ የሕዝብ ብዛት ወደ 65 ከፍ ሲል የገቢ ጥረት ወደ 10 ዝቅ አለ። እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ቢመስሉም ፖለቲካ ናቸው። ለሕዝብ ብዛት ክብደት ስትጨምር ሰፊዎቹን ክልሎች ትጠቅማለህ፤ ለዕድገት ደረጃ ስትጨምር ወደ ኋላ የቀሩትን ታነሳለህ፤ የገቢ ጥረትን ስታሳንስ ደግሞ ግብር ለመሰብሰብ የሚተጋውን ታቀዘቅዛለህ።

በ1999 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የየክልሉን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም አነጻጽሮ ልዩነቱን ወደሚሞላ አዲስ ስሌት ተሸጋገረ። የዚህ አስተሳሰብ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የምዕራብ አውስትራሊያ መራጮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከፌዴሬሽኑ ለመገንጠል ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ መንግሥት የክልሎችን የገንዘብ ጥያቄ የሚመረምር ቋሚ ኮሚሽን አቋቋመ። ሕንድም በሕገ መንግሥቷ በየአምስት ዓመቱ የሚሰየም የፋይናንስ ኮሚሽን አላት። እኛ ስሌቱን ስንወስድ ኮሚሽኑን ተውነው። ቀመሩን የሚያጸድቁት የባለድርሻዎቹ ተወካዮች ራሳቸው ናቸው፤ ተካፋዩም አካፋዩም አንድ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ቆጠራው ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ የተነሣው ሙግት የሚታወስ ነው። ሙግቱ የክብር ብቻ አልነበረም፤ ራስ የተቆጠረበት ቀመር ሲኖር ራስ ገንዘብ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ሲገፋ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ዳግመኛ ተራዘመ። እነሆ የምንካፈለው በግምት ነው።

ወደ ታች እንውረድ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ገንዘቡ በጥቅል እስከ ወረዳ እንዲደርስ ተደረገ። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቋርጡ፣ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተቀረጸ። ገንዘቡ በዚሁ በድጎማው ቧንቧ እንዲፈስ፣ ክፍፍሉ ቀመሩን መከተሉ እንዲመረመርና የወረዳ በጀት በአደባባይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ያ የግድግዳ ወረቀት ትልቅ ትምህርት ነበር። ችግሩ ከተለጠፈው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል መሆኑ ነው፤ ለወረዳው ምክር ቤት የሚመክርበት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሌላም ብዙዎቻችን የማናስተውለው ጉዳይ አለ። ክልሎች ለገበሬው የማዳበሪያ ብድር ዋስ ሲሆኑ መያዣቸው ይኸው ድጎማ ነው። ብድሩ ካልተመለሰ ከድጎማው ይቆረጣል። ማዳበሪያውን አንዱ ወስዶ፣ ዕዳው በመምህሩና በነርሷ ደመወዝ ሊወራረድ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሐዋሳ የምታውቀው አላት። ከተማችን ከሃያ ዓመታት በላይ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ። ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አልከራከረውም። ይሁን እንጂ በአንድ ድርሻ ይተዳደር የነበረ ማዕድ ለአራት ሲከፈል፣ አራት ምክር ቤት፣ አራት ካቢኔና አራት እጥፍ ቢሮ ከዚያው ማዕድ ይበላል። 

አሁን ወደ ኮብልስቶናችን እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. ሐዋሳን ጨምሮ ለጥቂት ከተሞች በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ከወረዳው ድጎማ በአንድ ነገር ይለይ ነበር፤ ከተሞች የሥራ አፈጻጸማቸው በየዓመቱ እየተመዘነ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ ከራሳቸውም መዋጮ ይጨምሩ ነበር። በ2006 ዓ.ም. 44፣ በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞች ደረሰ። የከተማችን የድንጋይ ንጣፍ ጥቂት የማይባለው የዚህ ፍሬ ነው። የ2006ቱ ምዕራፍ የባንኩ ገንዘብ የሚመለስ ብድር ነበር። የሚመልሰው ማን ነው? ያው ግብር ከፋዩ። የመዋጮው ምንጭስ? ያው የከተማው ነዋሪ። እንግዲህ ትክክለኛው መልስ «እኛው ነን» የሚለው ነበር።

ምን ይደረግ ለሚለኝ አንባቢ ሦስት ነገር እላለሁ። ቆጠራው ይካሄድ። ስሌቱን ከተካፋዮቹ ነጻ የሆነ የባለሙያዎች ኮሚሽን ያዘጋጀው፤ ምክር ቤቱም በእርሱ ላይ ይወስን። ሦስተኛውና ቀላሉ ደግሞ የግድግዳው ወረቀት በየክፍለ ከተማውና በየቀበሌው ይለጠፍ፤ ምን ያህል መጣ፣ በምን ስሌት መጣ፣ ለምን ዋለ የሚል። የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ያንን ቆሞ ያነበበ ዕለት ድጎማ የሚለው ቃል በእርሱ ዘንድ ትርጉሙ ይለወጣል። ምጽዋት የተቀበለ ሰው አመስግኖ ይሄዳል፤ ድርሻውን የተቀበለ ሰው ግን ይቆጥረዋል።