ከእናቴ ቤት በር እስከ ትምህርት ቤታችን ዴስክ፦ የአሮጌ እንጨት ታሪካችን



ለዘንድሮው መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ነበር። በመጨረሻ ግን ስለ አሮጌ እንጨት ለመጻፍ ወሰንሁ። ምክንያቱ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከጀርመን በላክሁት ገንዘብ የእናቴ የጭቃ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ። የድሮው ቤት በር አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በመጥረቢያና በመሮ ያበጀው ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነበር። ውስጥ ደግሞ የጠፍር አልጋ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የልብስ ሣጥን ነበሩ። እኔ በስልክ «አሮጌውን ሁሉ አውጥታችሁ ጣሉት፤ አዲስ ይገዛል» አልሁ። አልጋው ለማገዶ ተፈለጠ። በገንዘቤ የተገዛው የቺፕውድ ቁም ሣጥን ግን ሁለት ክረምት ሳይሻገር እርጥበት ነፋውና ተላጠ። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። «ይሁን ልጄ፣ ዘመኑ ነው» አለች እንጂ። ያ «ይሁን» ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እኛ ልጆች ሳለን እንጨት የሚጣል ነገር አልነበረም። ሞፈር ሲሰበር ቁራጩ ለዶሮ ቤት ቋሚ ይሆናል። ቤት ሲፈርስ ምሰሶውና ማገሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ ይጣልና ጤነኛው ለትንሽ ጎጆ ይውላል። የታጠፈ ሚስማር እንኳ በድንጋይ ላይ ተቀጥቅጦ ይቃናል። እኛ ይህን የድህነት ምልክት አድርገን አየነው። ታሪኩን ስመረምር ግን የሙያ ልማድ ሆኖ አገኘሁት።

የብራና መጻሕፍትን ተመልከቱ። ሽፋናቸው የእንጨት ገበታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይሠራል። ገበታው ሲሰነጠቅ ጠጋኙ አይጥለውም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሳና በክር ወይም በጅማት ይሰፋዋል። በአገር ቤት ገዳማትም ሆነ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ባሉ የኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ ይህ ስፌት ዛሬም ይታያል። ጠጋኙ ስፌቱን ለመደበቅ አልሞከረም፤ መጽሐፉ ዳግመኛ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረገ እንጂ።

በእንጨት እጥረት ምክንያት ዋና ከተማችን ራሷ ልትነሣ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ስላለቀ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ሐሳቡ ቀረ። በአዲስ ዓለም ተጀምሮ የነበረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያለቀለት ነገር ለሌላ አገልግሎት እንደሚውል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም። ባሕር ዛፍ ማገዶና የቤት ማገር ሰጠን፤ ለዕቃ ሥራ ግን ዋንዛን አልተካም። ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ሲያበቃ ብዙ የጣሊያንኛ ቃላት በአናጺ ቤት ቀሩ። ኮላ፣ ብሎን፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮመዲኖ የምንለው ሁሉ ከዚያ ቋንቋ የመጣ ነው። ሊስትሮም እንዲሁ። የሊስትሮ ሣጥን ደግሞ የውዳቂ እንጨት ጥበብ የታየበት ዕቃ ነው። ከተጣለ ጣውላ ተለቃቅሞ ይሠራል፤ ከላይ እግር ማሳረፊያ፣ ከውስጥ የቀለምና የብሩሽ ማስቀመጫ አለው፤ ሲሸከሙት ሱቅ ነው። በዚያ ሣጥን ራሱን ያስተማረ ስንት ሰው እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። በመርካቶ ምናለሽ ተራም የሚሠራው ይኸው ነው። ቁራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው እንጨትና ብረት እዚያ ተፈትቶ፣ ተቃንቶ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል።

ዛሬ ነገሩ ከልማድ አልፎ የግድ ሆኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከልካዩም ልክ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች እየጠፉ ነውና። እንግዲህ ጥሩ ዋንዛ የት ይገኛል? መልሱ በየአሮጌ ቤታችን ነው። በሩ፣ ሣጥኑ፣ የአልጋው እግር፣ የሙቀጫው ግንድ ሁሉ ዛሬ ቆርጠን የማንተካው የደረቀና የተፈተነ እንጨት ነው።

ፈረንጅም ቢሆን ይህን ከችግር ነው የተማረው። በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንጨት ስላጠረ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ አዲስ የቤት ዕቃ የሚገዛው በራሽን ሆነ፤ ቅድሚያውም ለአዲስ ተጋቢዎችና ቤታቸው በቦምብ ለወደመባቸው ነበር። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ኔዘርላንዳዊው የንድፍ ሰው ኸሪት ሪትፌልት ከተራ የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ጣውላ ወንበር ሠርቶ ነበር። ዛሬ ያ ወንበር በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይታያል። የእኛ አናጺዎች ሲሠሩት የኖሩት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እኔም በምኖርበት ከተማ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጅ ሲያወጡ እያነሣሁ መጠገን ጀመርሁ። ከዕቃ መጫኛ ፓሌትም መደርደሪያና አግዳሚ ወንበር ሠርቻለሁ። ልትሞክሩ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፓሌቱ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም እዩ። «ኤች ቲ» ከሆነ እንጨቱ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እስከ እምብርቱ በ56 ዲግሪ ሙቀት የታከመ ነው። «ኤም ቢ» ከሆነ በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ወደ ቤት አታስገቡት። ማኅተም የሌለውንም ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት 1.20 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነው ፓሌት ደግሞ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡት ንብረት ስለሆነ ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

አምና አገር ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ይዤ ትምህርት ቤታችንን ጎበኘሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ የተሰባበሩ ኮምባይንድ ዴስኮች ተከምረዋል። ማኅበራችን አዲስ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ መሆኑን ታውቃላችሁ። አብረውኝ የነበሩ አንድ አዛውንት አናጺ አንዱን ዴስክ ገልብጠው እግሩን በመዶሻ መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ብረቱ እኮ ጤነኛ ነው። የሞተው ጣውላው ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሊድን ይችላል?» ብላቸው፣ «ከመግዛታችሁ በፊት ለምን አልጠየቃችሁንም?» ብለው መለሱልኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእናቴም ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና።

በሩስ? እህቴ ሳትነግረኝ ከማገዶ አድናው ከበረቱ ጀርባ አቁማው ኖሯል። ታችኛው ጫፍ በዝናብ በስብሷል፤ ሌላው ደህና ነው። እኒሁ አናጺ የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ገጹን በስሱ ልገው፣ የመቀርቀሪያውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ጠረጴዛ አደረጉት። እናቴ በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ስትደርስ «ይህ የአባቴ መሮ ነው» አለች። አሁን ቡና የምታፈላው እሱ አጠገብ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ዴስክ ከመግዛታችን በፊት የተሰበሩት በባለሙያ ይታዩና የሚጠገኑት ይቆጠሩ። ሁለተኛ፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለከተማችን አናጺዎች ደመወዝና ሥራውን አብረዋቸው ለሚማሩ ወጣቶች አበል ይዋል። ለዕረፍት የምንሄድም ጥሩ መሮ፣ መላጊያና የመጋዝ ስለት በሻንጣችን እንያዝ። ሦስተኛ፣ የወላጆቻችንን ቤት ስናድስ አሮጌው ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ እናንሣው፣ ማን እንደሠራውም እንጠይቅ። የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ አሉ።

እናንተም «ጣሉት» ብላችሁ ስልክ ከመዝጋታችሁ በፊት እቤት ያሉትን አንድ ጊዜ ጠይቁ። ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።