የአፄ ፋሲል ደብዳቤና የሥልጣኔ ቀጠናዎች

ሳሙኤል ሀንቲንግተን በ1993 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው «የሥልጣኔዎች ግጭት» የተሰኘ ጽንሰ ሐሳብ ዓለምን በሃይማኖትና በባህል በተለዩ የተጽዕኖ ቀጠናዎች ይከፍላል። በ1996 ባሳተመው መጽሐፍም ኢትዮጵያን ከየትኛውም ቀጠና የማትመደብ «ብቸኛ» አገር አድርጓታል። ይህ አከፋፈል ታሪካችንን ለመረዳት ምን ያህል ይጠቅማል? መልሱ በመስጊድና በመድረሳ ለወጣቶች የምናስተምረውን ይነካል።

በቅድሚያ ሐሳቡን የሚደግፍ የሚመስለውን እንመልከት። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሞጆ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ፣ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1529 አፄ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ። በ1541 ፖርቱጋል በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ባለ ጠመንጃ ወታደሮችን ለንጉሡ ወገን ላከች። ኢማሙም በኦቶማን ይዞታ ሥር ከነበረችው ከዘቢድ ባለ ጠመንጃ ወታደሮች አስመጡ። እዚህ ላይ ሁለት ቀጠናዎች የተፋለሙ ይመስላል።

ሆኖም መቶ ዓመት ሳይሞላ አሰላለፉ ተገለበጠ። በ1632 የነገሡት አፄ ፋሲል የካቶሊክ ኢየሱሳውያንን ከአገር አባረሩ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም ከምፅዋና ከሱአኪን የኦቶማን ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። በ1642 ደግሞ ኦቶማኖችን ከየመን ካስወጡ ጥቂት ዓመታት ብቻ ለሆናቸው ለዘይዲው ኢማም ለአል-ሙአየድ ደብዳቤ ላኩ። የአል-ሙአየድ ተተኪ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሏቸው ቃዲ አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚን ወደ ጎንደር ላኩ። ቃዲው በ1648 ሲደርሱ ግን ንጉሡ የሚሹት ሌላ ነገር ሆኖ አገኙት፤ ይኸውም በኦቶማን እጅ ያለችውን ምፅዋን ትቶ በበይሉል ወደብ የሚያልፍ መንገድ ነበር።

ክርስቲያኑ ንጉሥ ክርስቲያኖችን አባርረው ከሙስሊም ገዥዎች ጋር ተስማሙ፤ ሙስሊሙ ኢማም ደግሞ ከሙስሊም ኦቶማን ጋር ይቀናቀኑ ነበር። ስለዚህ የቀጠና ሐሳብ ገዥዎች ሠራዊት በምን ቃል እንደሚጠሩና ርዳታ ከማን እንደሚለምኑ ለመረዳት ያግዛል። ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ለመተንበይ ግን አይበቃም። የየመኑ ኢማም መልካም ምኞታቸው የንጉሡን ጉዳይ እንዳጠረባቸው ሁሉ፣ ዛሬም ካርታውን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።

ለእኛ ከዚህ የቀደመ መመዘኛ አለን። በ615 ገደማ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦችን ወደ ሐበሻ ሲልኩ የተመለከቱት የንጉሡን ፍትሕ ነበር። በ2007 በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቧ ሢሶው ያህል ሙስሊም የሆነባትን ይህችን አገር «ብቸኛ» የሚለው ስያሜ እኛን ከካርታው ያስወጣናል። ሽምብራ ኩሬን አስተምረን የቃዲ አል-ሐይሚን ጉዞ ብንዘለው ግን እኛው ራሳችን ለተማሪዎቻችን የታሪኩን ግማሽ እንነፍጋቸዋለን።