የቡናው አገር ላቲንና ግሪክኛ

ቡና በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባው በተሳሳተ አድራሻ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው «ስፔሲየስ ፕላንታሩም» በተባለው መጽሐፉ «ኮፊያ አራቢካ» ሲል መዘገበው፤ የዓረቡ ቡና ማለቱ ነው። ከእሱ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው አንትዋን ደ ዡስዩ ተክሉን ከጃስሚን ወገን ቆጥሮ የዓረብ ጃስሚን ብሎት ነበር። በሰዎቹ ብዙም አይፈረድም። ፍሬው ወደ አውሮፓ የሚሻገረው ከየመን በሞካ ወደብ በኩል ነበር፤ ሆላንዶች አምስተርዳም ወስደው ያሳደጉት ችግኝም ዘሩ ከየመን ወጥቶ በጃቫ የዞረ ነው። ከቀይ ባሕር ወዲህ፣ በሸካ፣ በከፋና በቤንች ደን ጥላ ሥር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለውን ቡና ከሁለቱ አንዱም አላየም።

በዚሁ ደን አካባቢ ያለችው የቴፒ ከተማ ልጅ ታዲያ ጓሮው ያለውን ተክል ክፍል ውስጥ «ዓረባዊ» ብሎ ይማረዋል። ስሙ መሳሳቱ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር አይደለም። የሚቆጨኝ ተማሪው ስሙ መሳሳቱን ሊያውቅ የሚችልበት በር ብዙ ጊዜ ዝግ መሆኑ ነው። «አራቢካ» ትርጉም ያለው ቃል መሆኑን ካልነገሩት፣ ለፈተና ሸምድዶ ከፈተናው ማግስት የሚጥለው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል።

ቴፒ ሸክኛ፣ መዠንግርኛ፣ ከፍኛ፣ ቤንችኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለወሰነ፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእነዚህ ሁሉ ላይ በተደረበ ሌላ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ይባል እንጂ የሥነ ሕይወት መጽሐፉ ከባድ ቃላት እንግሊዝኛ አይደሉም። ፎቶሲንተሲስ፣ ኤፒደርሚስ፣ ሞኖኮቲሌደን፣ አርትሮፖድ፤ ሁሉም ከግሪክኛ ሥር የተቀጣጠሉ ናቸው፤ ለለንደን ልጅም የእናቱ ቋንቋ ውስጥ የሉም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የቃላት ሥር፣ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ራሱን ችሎ የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉትም ለዚሁ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ተማሪው 100 ቃል ከሚሸመድድ 20 ሥር ይይዛል፤ የቀሩትን እየፈታ ያነባል።

በዚህ ረገድ የእኛ ተማሪ ከለንደኑ የሚያንስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ግሪክኛ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ ሳይወለድ ነው።

«የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚባለው የ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነጋዴ መጽሐፍ ውስጥ የአክሱም አካባቢ ገዢ ዞስካለስ የግሪክን ፊደል የሚያውቅ ሰው መሆኑ ተጽፏል። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ ሳንቲማቸው ላይ ስማቸውን ያስቀረጹት በግሪክኛ ነበር፤ ዒዛናም ድሉን በድንጋይ ሲያስጽፍ ግሪክኛውን ከግዕዙ ጎን አኑሯል። ከዚያ መጻሕፍት ተተረጎሙ፤ ከመጻሕፍቱ ጋር ቃላቱ ገቡ፤ ገብተውም ቀሩ። ዛሬ እንግዳነታቸው ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ኤጲስ ቆጶስን እንውሰድ። «ኤጲ» ላይ ማለት ነው፤ «ስኮፖስ» ደግሞ ተመልካች፤ ከላይ ሆኖ መንጋውን የሚቃኝ ሰው ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ኤፒደርሚስ ከቆዳ ላይ ያለ ሽፋን መሆኑን፣ ኤፒደሚክ በሕዝብ ላይ የወረደ በሽታ መሆኑን ለመገመት መዝገበ ቃላት አያሻውም። «ስኮፖስ»ም ማይክሮስኮፕና ስቴቶስኮፕ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መነኩሴ «ሞኖስ» ከሚለው፣ አንድ ወይም ብቻ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ዓለምን ትቶ ብቻውን የሆነ ሰው። ሞኖኮቲሌደንም ዘሩ አንድ ክክ ብቻ ያለው ተክል ነው፤ በቴፒ ጓሮ እንሰቱና ኮረሪማው ከዚህ ወገን ናቸው፤ ቡናው ባለ ሁለት ክክ ነው። ሲኖዶስ «ሲን» ማለትም አብሮ እና «ሆዶስ» ማለትም መንገድ ተጋጥመው የሠሩት ቃል ነው። «ሲን» ፎቶሲንተሲስ ውስጥ አለ። «ሆዶስ»ን ደግሞ የፊዚክስ መምህሩ ኤሌክትሮድ ሲል ይጠራዋል፤ የኤሌክትሪክ መንገድ ማለት ነው። ጴንጤቆስጤ ሃምሳኛው ቀን ነው፤ ወደ ውስጡ ሲገባ አምስት አለ፤ ፔንታጎንም ባለ አምስት ማዕዘን። (በየሰፈሩ «ጴንጤ» እየተባሉ የሚጠሩት ወገኖቻችን ስማቸው ከግሪክ ቁጥር መምጣቱን ቢሰሙ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።) ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍም ስሙ ተፈጥሮንና ቃልን አጣምሯል፤ ፊዚዮሎጂ የዚያው ስም ቤተሰብ ነው።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲነሳም ግዕዝን መሣሪያ ያደረገው በከንቱ አልነበረም፤ አውሮፓውያን ግሪክንና ላቲንን እንደተጠቀሙበት ማለት ነው። ለፎቶሲንተሲስ በወጣው «ብርሃን አስተጻምሮ» ላይ ስንቱ ተማሪ ስቋል። ብርሃኑ ፎቶ፣ ማጻመሩ ሲንተሲስ መሆኑን የነገረው መምህር የገጠመው ልጅ ግን 9ኛ ክፍል የሚመጣበትን ቃል አስቀድሞ ፈቶ ጨርሷል። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ጎን ለጎን ገልጦ የሚያሳይ መምህር ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ደኑ እንግባ። የደቡብ ምዕራቡ ጥላ ዛፎች ሁሉም የላቲን ስም አላቸው፤ ስሞቹም የዓይን ምስክርነት ናቸው። ብሳና «ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ» ይባላል፤ «ክሮቶን» በግሪክኛ መዥገር ነው፤ የወገኑ ፍሬ መዥገር ይመስላልና። «ማክሮ» ትልቅ ወይም ረጅም፣ «ስታኪስ» ደግሞ ዘለላ ነው፤ አበባው ተንዠርግጎ ያየ ሰው ስያሜውን አይከራከርም። ብርብራ «ሚለቲያ ፈሩጊኒያ» ነው፤ የብረት ዝገት የመሰለ ማለት። ኬሚስትሪ ክፍል ብረት ለምን «ኤፍ ኢ» ተብሎ እንደሚጻፍ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱ ከቤቱ ጀርባ ቆሟል። ቴፒ ከቡና ቀጥሎ የምትታወቅበት ቅመምም እንዲሁ ነው። ከተማዋ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያላት ናት፤ ቁንዶ በርበሬ «ፓይፐር ናይግረም» ነው፤ «ናይግረም» ጥቁር። እርድ «ኩርኩማ ሎንጋ» ነው፤ «ሎንጋ» ረጅም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጥመኝ የእንሰት ስም ነው። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ የተክሉን ሥዕል አገሬው ከሚጠራበት ስም ጋር እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ አስገባው፤ በኋላም የአገራችን ቃል የወገኑ የላቲን ስም ሆኖ ቀረ። ሙሉ ስሙ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ነው፤ «ቬንተር» በላቲን ሆድ ስለሆነ፣ ሆዱ የተነፋ እንሰት ማለት ነው። ግንዱን ታችኛው ላይ ያየ ይስማማል። የልብ ታችኛው ክፍል ቬንትሪክል የተባለውም ከዚሁ ቃል ነው፤ ትንሿ ሆድ። ኮረሪማም «አፍራሞሙም ኮሮሪማ» ተብሎ አገርኛ ስሙን ይዞ ገብቷል። ስለዚህ ላቲን ከውጭ ወደ እኛ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከዚህም የወሰደው አለ።

የቡና በሽታዎች ስም ደግሞ ራሱ ታሪክ ነው። የቡና ቅጠል ዋግን የሚያመጣው ፈንገስ «ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ» ይባላል። «ሄሚ» ግማሽ፣ «ሌዮስ» ለስላሳ፤ የፈንገሱ ዘር በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንድ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ሻካራ ነው። «ቫስታትሪክስ» አውዳሚ፣ ያውም በሴት ፆታ። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1869 ከሴሎን በተላከ ናሙና ላይ ነበር፤ ሴሎን በኋላ ቡናዋን አጥታ ወደ ሻይ ዞራለች፤ ስሙ ቀድሞ የተነበየ ይመስላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ደግሞ መንስኤው «ኮሌቶትሪኩም ካሃዌ» ነው፤ እዚህ ላይ ስም አውጪዎቹ የስዋሂሊውን «ካሃዋ»፣ ማለትም ቡናን፣ የላቲን ባለቤትነት ጭራ ቀጥለውበታል። በዚህ ረገድ ቴፒ ዕድለኛ ናት፤ በሽታው የሚከፋው በደጋማውና በቀዝቃዛው አካባቢ ስለሆነ፣ ሞቃቱ ቆላ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

የሥርወ ቃል ትምህርት ግን ሲጋነን ያሳስታል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። «ማላሪያ» በጣልያንኛ መጥፎ አየር ነው። ወባ ግን ከአየር አይመጣም፤ ከትንኝ ነው። ቃሉ የሚነግረን የድሮ ሰዎች ግምት ነው። አራቢካም እንዲሁ። ሥሩን መፍታት ስም ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ ያሳያል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን መጽሐፉና ቤተ ሙከራው ነው የሚያረጋግጠው። ጎበዝ መምህር ሁለቱን አይቀላቅልም።

ቃሉና ነገሩ ሲገጥሙ ደግሞ የሚያምር ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ጋስትሮፖድ ነው፤ «ጋስተር» ሆድ፣ «ፖድ» እግር፤ በሆዱ የሚሄድ። ቀንድ አውጣው የሚያሳድገው ትል የሚያመጣው ቢልሃርዝያ በሳይንሱ ሺስቶሶሚያሲስ ነው፤ «ሺስቶስ» የተሰነጠቀ፣ «ሶማ» አካል፤ ወንዱ ትል ሴቷን የሚያቅፍበት ስንጥቅ በአካሉ ላይ አለውና። እንዶድ «ፊቶላካ ዶዴካንድራ» ነው፤ «ዶዴካ» 12፣ «አንድር» ወንድ፤ የአበባውን 12 የወንዴ ክፍሎች የቆጠረ ሰው ያወጣው ስም ነው። ከተክሉ የተለየው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር «ሌማቶክሲን» ሲባል ደግሞ የዶክተሩ የአባት ስም ከግሪኩ የመርዝ ቃል ጋር ተጋብቷል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

የመጨረሻው ቃል የተፈጠረው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሐኪም ባየው ነገር ላይ ነው። እንግሊዛዊው ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን ያበጠ እግር ሲያጠና፣ በብሽሽታቸው ዕጢ ውስጥ የቀይ አፈር ደቃቅ ማዕድን አገኘ። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ «ፖድ» እግር፣ «ኮኒያ» አቧራ። አማርኛው ዝሆኔ ይለዋል፤ ግሪኮችም ኤሌፋንቲያሲስ ብለው ያንኑ እንስሳ ጠርተዋል። ችግሩ ዝሆኔ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ከቴፒ በምዕራብ በኩል ወርደው በሚገኙት የጋምቤላ ቆላዎች በትንኝ የሚተላለፈው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ አለ፤ «ፊሉም» በላቲን ክር ነው፤ ትሉ እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ። እሱ በመድኃኒት ይመከታል። በቀይ አፈሩ ደጋ ያለው ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ ትል የለበትም፤ ትል የሚገድል መድኃኒትም አይረዳውም፤ የሚፈልገው ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ነው። በእነዚህ ሁለት መልክዓ ምድሮች መካከል ተመድቦ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የመጣለትን ታካሚ እግር ከማየቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ከሁለቱ ስሞች ውስጥ ይወጣል፦ የት ነው የኖርከው? ጫማስ ታደርጋለህ?