ጭምብሉ የማን ነበር? ክሌይተን ሙርና የ1979ኙ ሙግት

ክሌይተን ሙር ቺካጎ ውስጥ የተወለደው መስከረም 4 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው። ስሙን ያገነነው «ዘ ሎን ሬንጀር» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው 35 ዓመት በሞላው ማግስት፣ መስከረም 5 ቀን 1942 ዓ.ም. በኤቢሲ ጣቢያ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ተዋናይ ለማንሳት የሁለቱ ቀናት መከታተል በቂ ሰበብ ነው። ከሕይወቱ ሁሉ ግን ሊነገርለት የሚገባው የዝናው ዘመን አይመስለኝም። ድራማው ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እርጅና ሲጫነው፣ ፊቱ ላይ በሚያስራት ጥቁር ጭምብል ምክንያት ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት የቆመበት ሙግት ነው።

የመነሻው ታሪክ ባጭሩ ይነገር። የትውልድ ስሙ ጃክ ነው፤ ክሌይተን የሚለው ሆሊውድ ከገባ በኋላ የወጣለት ነው። ገና በልጅነቱ የሰርከስ አክሮባት ሆነ፤ በ1934 በቺካጎው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ዥዋዥዌ ትርኢት ከሚያሳዩት አንዱ ነበር። ኒው ዮርክ ሄዶ ለማስታወቂያ ፎቶ እየተነሣ ኖረ። ከዚያም ሆሊውድ ገብቶ በሌሎች ተዋንያን ምትክ ከፈረስ የሚወድቅ፣ ከጣሪያ የሚዘል ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይሉን አገልግሎ ሲመለስ ሪፐብሊክ የተባለው ኩባንያ ለሲኒማ ቤቶች በየክፍሉ እየቆራረጠ በሚያቀርባቸው የጀብዱ ፊልሞች አንዴ ጀግና፣ አንዴ ሽፍታ እየሆነ ተጫወተ። በ1949 «ጎስት ኦቭ ዞሮ» በተባለው ፊልም ጭምብል አጥልቆ ሲጋልብ የሎን ሬንጀር ባለቤት ጆርጅ ትሬንድል ዓይን ውስጥ ገባ።

ትሬንድል የዲትሮይት ሰው ነው። ሎን ሬንጀር በ1933 የተወለደው እሱ በሚመራው ደብሊው ኤክስ ዋይ ዚ በተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ሲሆን፣ ጸሐፊው ፍራን ስትራይከር ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ስድስት የቴክሳስ ሬንጀሮች ቡች ካቨንዲሽ የሚባለውን ሽፍታ ሲያሳድዱ ገደል መካከል ይከበቡና ይረሸናሉ። አንዱ ብቻ፣ ሬይድ የሚባለው፣ በሕይወት ይተርፋል፤ ቶንቶ የተባለ የአገሬው ተወላጅ አግኝቶት ቁስሉን ያክማል። ቶንቶ አምስቱን ሟቾች ከቀበረ በኋላ ስድስተኛ ባዶ መቃብር ይጨምራል፤ ሽፍታው ሁሉም አልቀዋል ብሎ እንዲያምን ነው። ከሞቱት አንዱ የሬይድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጭምብሉም የተቆረጠው ከዚሁ ወንድሙ ሰደርያ ነው። ጭምብሉ ለዚያ ገጸ ባህሪ ማጌጫ አይደለም፤ የሐዘን ልብስ ነው። ሙር በኋላ ለምን ሙጭጭ ብሎ እንደያዘው ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ድራማው ለኤቢሲ የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት ሆነ። ሙር የሬዲዮውን ተዋናይ ድምፅ እስኪመስል ድረስ ተለማመደ። ቶንቶን የተጫወተው ጄይ ሲልቨርሂልስ በካናዳ ኦንታሪዮ የተወለደ የሞሃክ ብሔር ሰው ነው። በየሳምንቱ መክፈቻ ላይ ነጩ ፈረስ ሲልቨር በኋላ እግሩ የሚቆመው ካሊፎርኒያ ውስጥ አይቨርሰን ከተባለው እርሻ፣ ከአንድ ቋጥኝ አጠገብ ነበር፤ ቋጥኙ እስካሁን በሎን ሬንጀር ስም ይጠራል።

በ1952 ግን ለሦስተኛው ዙር ሙር ጠፋ። ጭምብሉን ያጠለቀው ጆን ሃርት የሚባል ሌላ ተዋናይ ነበር፤ 52 ክፍል ተጫወተ። ለምን? በብዛት የሚነገረው ሙር ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ከአሠሪዎቹ ጋር አልተስማማም የሚል ነው። እሱ ራሱ በ1996 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ምክንያቱን ማንም ነግሮት እንደማያውቅ ጽፏል። እኔ የእሱን ቃል እቀበላለሁ። ገንዘብ ጠይቆ የተባረረ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አሠሪዎቹ ከሞቱ በኋላ፣ ያን የሚደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ይልቅ የአሠሪዎቹ ስሌት ግልጽ ነው፤ ተመልካች የሚወደው ጭምብሉን ነው፣ ከሥሩ ማን እንዳለ ማን ያውቃል? ተመልካቹ ግን አወቀ። ሙር ተመልሶ እስከ 1957 ቀጠለ፤ ከ221ዱ ክፍሎች 169ኙ የእሱ ናቸው።

በ1954 ትሬንድል ሙሉ መብቱን በ3 ሚሊዮን ዶላር ጃክ ራዘር ለተባለ የቴክሳስ የነዳጅ ባለሀብት ሸጠ። ላሲ የተባለችው የታወቀች ውሻ ድራማም የዚሁ ሰው ንብረት ሆኗል። ሙር በ1959 ጭምብሉን እንዳጠለቀ የላሲ ድራማ ውስጥ በእንግድነት ብቅ ብሏል፤ ያኔ ለራዘር ጭምብሉም ሰውየውም አንድ ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ አያናግሩም። ሙር ሌላ ሚና አልፈለገም፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሰርከስ፣ በገበያ ማዕከላትና በሕፃናት ሆስፒታሎች ጭምብሉን አጥልቆ ይታይ ነበር። ከሲልቨርሂልስ ጋር የፒዛ ማስታወቂያ ሠርቷል። በአደባባይ አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ገጸ ባህሪው የማያደርገውን እሱም አያደርግም ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ራዘር አዲስ የሎን ሬንጀር ፊልም አሰበ። ለዚያም ወጣት ተዋናይ ፈለገ። ችግሩ በየከተማው «ሎን ሬንጀር ነኝ» እያለ የሚዞር አዛውንት መኖሩ ነው፤ ሕዝቡ በፊልሙም ይኸው ሰው ይመጣል ብሎ ይጠብቃል ተባለ። ሙር ጭምብሉን እንዲያወልቅ ተጠየቀ፤ እንቢ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበና በ1979 የሎስ አንጀለሱ ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ሰጠ፤ ሙር በአደባባይ ጭምብሉን እንዳያጠልቅ ተከለከለ።

የራዘርን ወገን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ገጸ ባህሪውን የፈጠሩት ትሬንድልና ስትራይከር ናቸው፤ ራዘር መብቱን በገንዘቡ ገዝቷል፤ ሙር አንዲት ነጠላ ወረቀት አልነበረውም። በሕጉ ቋንቋ ከሄድን ዳኛው ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ነገር ግን ለሃያ ዓመት የራዘርን ንብረት በሕፃናት አልጋ አጠገብ፣ በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ በሕይወት ያቆየው ይህ ሰው ነው። ድራማው ቆሞ ስሙ ያልሞተው አንድ ሰው ያለ ማንም ግዳጅ ስለ ኖረበት ነው። ያን ዓይነት ሥራ ዋጋ የሚተምንበት ሰነድ ባለመኖሩ እንደ ከንቱ መቆጠሩ ያንገበግባል።

ሙር ትእዛዙን አልጣሰም። ጭምብሉን አወለቀና ሰፊ፣ ጥቁር፣ ጎኑ እስከ ጆሮ ግንድ የሚታጠፍ የፀሐይ መነጽር አደረገ። ከሩቅ ላየው የዓይኑ ዙሪያ ልክ እንደ ድሮው የተሸፈነ ነው፤ ነጩ ባርኔጣ፣ ሰማያዊው ልብስ፣ ሽጉጡ ከነመታጠቂያው በቦታቸው ናቸው። የጎደለችው ዳኛው የከለከሏት ያቺ ጨርቅ ብቻ ነበረች። እንዲህ ለብሶ መዞሩን ቀጠለ፤ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ተከተሉት። ለማስረሳት የተነሡት ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና የአገር መነጋገሪያ ሆነ።

ፊልሙ በ1981 ወጣ። ዋናውን ሚና የያዘው ክሊንተን ስፒልስበሪ ከዚያ በፊት ፊልም ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ድምፁ አልተወደደም መሰለኝ፣ ጄምስ ኪች በተባለ ሌላ ተዋናይ ድምፅ ተተካ። በ1952 ሙርን የተካው ጆን ሃርት የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ብቅ እንዲል ተጋብዟል፤ ሙር ግን አልተጋበዘም። ሃያሲውም ተመልካቹም ፊልሙን ጣለው። ሙርን በማገድ የተፈጠረው ቅሬታ ለውድቀቱ ድርሻ እንደነበረው ብዙዎች ይናገራሉ፤ እኔም ይህን ለማመን አልቸገርም፣ ምንም እንኳ ፊልሙ በራሱም ደካማ ቢሆን።

በ1984 ራዘር ክርክሩን ተወና ሙር ጭምብሉን መልሶ አጠለቀ። ራዘር በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ። በ1987 ሆሊውድ የእግረኛ መንገዱ ላይ ላበጀለት ኮከብ የሁለቱን ስም አብሮ ጻፈ፤ ክሌይተን ሙር፣ ሎን ሬንጀር። ሙር በታኅሣሥ 1999 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄው ግን አብሮት አልተቀበረም። «ቺርስ» በተባለው አስቂኝ ድራማ አምሳል የተሠሩ የአውሮፕላን ማረፊያ ቡና ቤቶች የድራማውን ተዋናዮች ጆርጅ ዌንትንና ጆን ራትዘንበርገርን የሚመስሉ ሮቦቶች ወንበር ላይ አስቀመጡ። ባለቤቶቹ የገጸ ባህሪዎቹን መብት በስምምነት አግኝተናል አሉ፤ ተዋናዮቹ ደግሞ ፊታችን የእኛ ነው ብለው ከሰሱ። በ1997 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱ በዳኞች ሸንጎ መታየት አለበት ብሎ ለእነሱ ፈረደ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበር ለ118 ቀናት ሥራ አቁሞ ከተሟገተባቸው ጉዳዮች አንዱ የተዋናይ ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር እየተባዛ ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይሠራበት ነበር። አዲሱ ውል ፈቃድና ክፍያ እንዲኖር አስገድዷል። ሙር ጭምብሉን ሲነጠቅ በእጁ ያልነበረው ወረቀት ይህን የመሰለው ነበር።