በረዶው ሄዶ ውኃው የቀረበት

በአፍሪካ ምድር የበረዶ ግግር አለ ሲባል ወደ ብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ኪሊማንጃሮ ነው። ጥቂት ያነበበ ሰው የኬንያን ተራራና ሩዌንዞሪን ይጨምርበታል። ባሌን የሚጠራ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁንና ከሮቤና ከጎባ ቀና ሲሉ የሚታየው፣ በክረምት ጉም የሚውጠው፣ በበጋ ከሰማዩ ጋር የሚመሳሰለው ያ ተራራ በአንድ ዘመን ጀርባውን በበረዶ ግግር የሸፈነ ነበር። ዛሬ ከዚያ በረዶ አንዲት ቁራሽ አልተረፈችም። የተረፈው ውኃው ነው። ይህች አጭር ጽሑፍ ስለዚያ ውኃ፣ በተለይም ፊንጫ ሐበራ ስለሚባለው ፏፏቴ የምታወሳ ናት።

ፊንጫ በኦሮምኛ ፏፏቴ ማለት ነው። ቦታው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በወይብ ወንዝ የላይኛው ሸለቆ ይገኛል። ከሮቤ ተነስቶ በሻሸመኔው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከዲንሾ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ወይም በፈረስ የሚኬድ ነው። ጥዱና ኮሶው እየሳሳ፣ ዛፉ ለቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ለሣር ቦታ እየለቀቀ ይሄዳል። ሸለቆው ሲሰፋ ሜዳው በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ፣ እዚህም እዚያም ረግረግ ያቆረ ሆኖ ይታያል።

ፏፏቴውን ያየሁት በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ገና ሳይጎድል ነው። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ወይብና ወላ የሚባሉት ውኆች በሚገናኙበት አካባቢ፣ ሜዳውን በዝግታ ሲያቋርጥ የቆየው ወንዝ ከጥቁር ድንጋይ አፋፍ ላይ በድንገት ይወረወራል። ከታች የሚነሣው ርጭት ልብስ ያርሳል፤ ሰውና ሰው ለመነጋገር ጆሮ ለጆሮ መቀራረብ አለበት። እኔም እንደ ማንኛውም ጎብኚ ዝም ብዬ አየሁ። ነገር ግን ቦታውን ከሌሎች ውብ ፏፏቴዎች የሚለየው ከውበቱ ይልቅ ታሪኩ ነው።

በዚሁ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የፏፏቴውን ስም የሚጋራ ዋሻ መሰል የድንጋይ ከለላ አለ። ወለሉ የከብት ፍግ ነው፤ እረኞች ዝናብና ብርድ ሲመጣ ከነከብቶቻቸው ይጠለሉበታል። ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ያንን ወለል በጥንቃቄ ቆፈሩት። የጥናታቸው ውጤት ነሐሴ 2011 ዓ.ም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጌትስ ኦሰንዶርፍ ነው፤ ከአገራችን ሊቃውንትም አለምሰገድ በልዳዶስ፣ አጋዚ ነጋሽ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ዘሪሁን ወልዱን የመሳሰሉ ተሳትፈውበታል።

ከፍጉ ሥር የተገኘው ምን ነበር? አመድና ከሰል፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ደርቆ የቀረ የሰው ዓይነ ምድር፣ ከሁሉም ይልቅ የበዛ የፍልፈል አጥንት። የፍልፈሉ አጥንት በእሳት የተጠበሰ መሆኑን ምልክቱ ይናገራል። የእነዚህ ነገሮች ዕድሜ ሲለካ ሰዎች በዚያ ከለላ እየተመላለሱ የኖሩት ከዛሬ 47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ያንኑ የባሌ ግዙፍ ፍልፈል እነርሱ ጠብሰው ይበሉት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ግኝት በፊት ብዙ ምሁራን ሰው ወደ ከፍተኛ ተራራ የወጣው በጣም ዘግይቶ ነው ብለው ያስቡ ነበር። አየሩ ስስ ነው፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ምግቡ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ወጥተው ብቻ አልቀሩም፤ ኑሮ መሥርተዋል። ያውም የመረጡት ዘመን ተራራው ዛሬ ካለበት ይልቅ እጅግ የቀዘቀዘበትን ነው።

የቅዝቃዜው ማስረጃ በተራራው ላይ ተጽፏል። የበረዶ ግግር ሲንቀሳቀስ ድንጋይ እየፈነቀለ ይገፋል፤ ሲያፈገፍግም የገፋውን ቋጥኝ እንደ ካብ ደርድሮ ይተወዋል። የበርን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ግሩስና ባልደረቦቹ ከእነዚህ ቋጥኞች ናሙና ወስደው፣ ድንጋዩ ከበረዶ ተላቆ ለሰማይ ከተጋለጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ለኩ። በዚህም መሠረት የባሌ በረዶ እጅግ የሰፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ነው። የሸፈነው ስፋት 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሙቀቱም ዛሬ ካለው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያነሰ ነበር።

ሁለቱን ዘመናት ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የከለላው ሰዎች የኖሩት በረዶው ባለበት ጊዜ፣ ከበረዶው ሥር ነው። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት ያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ፣ ከግግሩ ጠርዝ ነበር። ለምን እዚያ? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ቆላው ደርቆ ነበር። ተራራው ግን ምግብ ነበረው፤ መሣሪያ የሚሆን ድንጋይ ነበረው፤ ከሁሉ በላይ ከሚቀልጠው በረዶ የሚወርድ ውኃ ነበረው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ታሪክ ስንናገር ከአክሱም እንጀምራለን፤ ሲበዛም ወደ ደአማት እንሻገራለን። ከዚያ በፊት ያለውን ለሉሲ ሰጥተን፣ በመካከል ያለውን እልፍ ዘመን ባዶ ገጽ እናደርገዋለን። ታሪክ ማለት ንጉሥና ዜና መዋዕል ብቻ ከሆነ የፊንጫ ሐበራ ሰዎች ታሪክ የላቸውም። ስማቸውን አናውቅም፤ ቋንቋቸውን አናውቅም። ነገር ግን ውኃ ባለበት ሰፈሩ፤ እሳት አነደዱ፤ የተቸገሩበትንም ዘመን በብልሃት አለፉ። ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ዓለም ሞቀች፤ በረዶውም እያፈገፈገ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ጎተራው ከፈረሰ ወንዙ እንዴት አልደረቀም? መልሱ በሸለቆው ውስጥ ከእግር ሥር ነው። በረዶው በለቀቀው ሜዳ ላይ በሺህ ዓመታት ጥቁር አፈር ተከማቸ፤ ረግረግ ተፈጠረ፤ ሣርና አስታ ለበሰ። ዝናቡንና ጉሙን የሚቀበል፣ የተቀበለውንም በአንድ ጊዜ የማያፈስ ሌላ ጎተራ ተሠራ። የባንክ ሰው ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር ይፈቀድልኝ፤ ተራራው ተቀማጩን ከበረዶ ሒሳብ ወደ አፈር ሒሳብ አዛወረው። ፊንጫ ሐበራ ዛሬም በበጋ የሚናገረው ከዚያ ሒሳብ በሚወጣ ውኃ ነው።

ወጪው የሚደርሰውም ሩቅ ነው። ወይብ ከተራራው ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ ሶማሌ ምድር ገብቶ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ጁባ ተብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። ከባሌ ተራሮች በሚነሡት ወንዞች የሚጠቀመው ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይነገራል። ከእነዚህ መካከል የሳነቴን አምባ በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? ግመሉን ዶሎ ላይ የሚያጠጣ ሰው በወይብ ሸለቆ ያለ ረግረግ ቢደርቅ ማን ይነግረዋል?

አብሮኝ የሄደውን ሽማግሌ መንገድ መሪ፣ «አባባ፣ ይህ ውኃ በበጋ ይጠፋል?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«አይጠፋም፣ ልጄ» አለኝ። «ግን ልጅ ሆኜ እዚያ ማዶ ከብት የሚሰጥምበት ረግረግ ነበር። አሁን በሬ ይተኛበታል።»

ይህን ሲናገር ማንንም አልከሰሰም፤ ከብቶቹም ከራሱ ወገን ናቸውና። ችግሩም በዚህ ምክንያት ከባድ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ሲቋቋም ሰዎች በውስጡ ከብት ያሰማሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰፋሪው በዝቷል፤ እርሻው ወደ ላይ ወጥቷል፤ ለግጦሽ ሲባል አስታው ይቃጠላል። መስከረም 2016 ዓ.ም ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ደስ የሚያሰኝ ክብር ነው። መዝገብ ግን ረግረግ አይጠብቅም። እረኛው ሌላ መኖሪያና ሌላ ግጦሽ ሳያገኝ «ልቀቅ» ቢባል አይለቅም፤ ቢለቅም ፍትሕ አይሆንም። ውኃውን የሚጠጣው ሁሉ ለጠባቂው የሚከፍልበት መንገድ እስካልተበጀ ድረስ ሸክሙ በአንድ ድሃ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ዩኔስኮ በ2015 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ በረዶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2050 ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ባሌ ያንን ሐዘን ከእነርሱ በፊት አይቶታል። የመጀመሪያውን ጎተራ ያፈረሰው የሰው እጅ አልነበረም፤ ሁለተኛውን ለመሥራትም ተራራው ሺህ ዓመታት ነበሩት። ይህ ሁለተኛው ግን በእኛ ከብት፣ በእኛ እሳትና በእኛ ማረሻ ሥር ነው ያለው፤ እርሱ ካለቀ ተራራው ሦስተኛ የለውም።